ባሕር ዳር የት ሰፈር ልረፍ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥር ሲቃረብ የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ሠርግ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ አለ፣ ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጁን የሚጠይቅ ወላጅ አለ። ሁሉም ዞሮ ዞሮ «የት ሰፈር አልጋ ልያዝ?» ነው የሚለው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለዚሁ ሰጥቼዋለሁ። አብዛኛው ስለ ባሕር ዳር ነው፤ ለደብረ ማርቆስና ለአዲስ አበባም ትንሽ ቦታ ተርፏል።

የሆቴል ስም እየጠራሁ ይሄ ይሻላል፣ ያኛው አይረባም አልልም። ሆቴል ባለቤት ይቀይራል፣ ሠራተኛ ይቀይራል፣ አምና ያመሰገናችሁት ቤት ዘንድሮ ውሃ አጥቶ ይጠብቃችኋል። ሰፈር ግን እንዲህ ቶሎ ጠባዩን አይለውጥም። (አዲስ አበባን አልጨመርኩም፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።)

ጥያቄ፦ ባለቤቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ለሦስት ቀን ባሕር ዳር ልሄድ አስቤያለሁ። ልጆቹ ሐይቅ አይተው አያውቁም። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ «ሐይቁ ዳር ያዝ» ይለኛል፤ ዋጋውን ስሰማ ግን ጉዞውን ልተወው ምንም አልቀረኝም። ሐይቁ ዳር ካላደርኩ ሄድኩ ይባላል?
ከደምበጫ

መልስ፦ ይባላል እንጂ ወንድም ዓለም! ሐይቁ ቀን ቀን በነፃ ነው። ማታ ደግሞ ከመኝታህ መስኮት የምታየው ጨለማ ነው። ሐይቅ ዳር ያሉት ትልልቅ ሆቴሎች የሚያስከፍሉህ ለአልጋው ብቻ አይደለም፤ ለአትክልቱ፣ ለወፉ፣ ለነፋሱ ጭምር ነው። ሙሽራ ከሆንክ ወይም ኪስህ ከቻለ ደስ ይበልህ፣ ግባ። አራት ሆናችሁ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ጀልባም ጢስ ዓባይም ካሰባችሁ ግን ገንዘቡን ለእነሱ አስቀምጠው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከእነዚያ ሆቴሎች ወደ አንዱ ግቢ ገብታችሁ ሻይና ለስላሳ ብትጠጡ ልጆቹ ያንኑ ውሃ ያዩታል። አንዳንዱ ቤት የመግቢያ ይጠይቃል፤ በሩ ላይ ጠይቅ።

እኔ ብሆን ጊዮርጊስ አካባቢ ነው የምይዘው። ቤተ ክርስቲያኑ ሐይቁ አጠገብ ነው፣ ጀልባ የሚነሳበትም እዚያው ቅርብ ነው፣ ዘንባባ ያለበት ጎዳናም ሩቅ አይደለም። ከአስፋልቱ አንድ ሁለት መታጠፊያ ወደ ውስጥ ገባ ያሉ ፔንሲዮኖች በዋጋም በጸጥታም ይሻላሉ። ልጆቹን ይዘህ በእግርህ ውሃው ዳር ትወርዳለህ፣ ሲደክማቸው በእግርህ ትመለሳለህ፣ በቀን አራት ጊዜ ከባጃጅ ጋር መከራከር የለም።

መሀል ከተማ ግን ድምፅ አለው። ሌሊት ማሕሌት አለ፣ ማለዳ ቅዳሴ አለ፣ ድምፅ ማጉያው ከሩቅ ይሰማል። ለአንተ በረከት ነው፤ አምስት ዓመት ላልሞላው ልጅ ግን በአሥር ሰዓት ሌሊት መንቃት ነው። በሌላ በኩል ቅዳሜ ማታ ከጭፈራ ቤት የሚመጣ ሌላ ድምፅ አለ፣ እሱ ደግሞ በረከትም የለው። ስለዚህ ክፍል ስትጠይቅ «ወደ ጓሮ ያለውን ስጡኝ» በል። ቀን ስታየው ሁሉም ቤት ጸጥ ያለ ነው። ታችኛው ፎቅ ላይ ያለው ቤት ማታ ምን እንደሚሆን ማወቅ ከፈለግህ የሌሊት ዘበኛውን ጠይቀው። እንግዳ ተቀባይዋ «ሰላም ነው» ትልሃለች፤ እሱ ግን ያለውን ይነግርሃል።

ክፍሉን ሳታይ አትክፈል። መጀመሪያ ቧንቧውን ክፈተው። ውሃ መጣ ብለህ አትርካ፤ «ሮቶ አላችሁ ወይ?» በል፣ የከተማው ውሃ ሲጠፋ የሚያወጣህ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነውና። ቀጥሎ መስኮቱ። ወንፊት አለው? ጥጉስ ተቀድዷል? ከዚያ አጎበሩን ዘርጋውና ወደ አምፖሉ ከፍ አድርገህ እየው፤ ቀዳዳ ካለው በብርሃኑ ወዲያው ይታያል። ጥር ከመስከረምና ከጥቅምት ይሻላል እንጂ ባሕር ዳር ሁልጊዜም የወባ አገር ናት፣ ሐይቁ ዳር ደግሞ ቢንቢው ይብሳል። ሐይቅ ዳር ማደርን የማልቸኩልበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። ለሁለቱ ልጆች ተጨማሪ አጎበር ከቤትህ ብትይዝ አይከብድህም።

ልጆቹ ውሃ ውስጥ ልግባ ይሉሃል፣ አውቃለሁ። አታስገባቸው። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፤ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ጉማሬ አለ።

ጀልባውን ጠዋት ያዝ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፣ ሐይቁ ይናወጣል፣ ባለቤትህም «እኔ የት ነበርኩ፣ አንተስ ምን አመጣህ» ትልሃለች። ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሁላችሁም ትገባላችሁ። ክብራን ገብርኤልን ግን ባለጀልባው በዚያው እናሳያችሁ ቢልህ አስብበት፤ ሴት አይገባበትም፣ ባለቤትህ ጀልባው ላይ ቁጭ ብላ ልትጠብቅህ ነው።

ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፏፏቴው ሞልቶ የሚታየው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው። ከዚያ በኋላ ውሃው ይቀንሳል፣ ለመብራት ማመንጫም ይጠለፋል። በጥር ከሆነ ከመሄድህ በፊት በዚያ ሰሞን ያየ ሰው ጠይቅ።

ጥያቄ፦ እህቴ ዓባይ ማዶ ቤት አላት። ለዘመድ ሠርግ ስሄድ እሷ ቤት ካላረፍኩ ትቀየመኛለች። ቤቷ ግን ጠባብ ነው፣ እንግዳው ደግሞ ከየአቅጣጫው ነው የሚመጣው። ባለፈው ለአምስት አንድ ፍራሽ ላይ ነው ያደርነው። አሁን ወገቤን ያመኛል። ሠርጉ መሀል ከተማ ነውና እዚያው አልጋ ልያዝ ወይ? እንዴትስ ልንገራት?
ከቡሬ፣ የልጆች እናት

መልስ፦ እትዬ፣ ይኼ የሰፈር ጥያቄ ይመስላል እንጂ የእህትማማች ጥያቄ ነው። እኛ ጎጃሞች ደግሞ በማደሪያ ነገር ቂም እንይዛለን፤ ሃያ ዓመት ያለፈው «የዚያን ጊዜ ሆቴል አደረ እኮ» የሚባል ዘመድ የሌለው ማን አለ?

አልጋውን ይያዙ። ወገብ ቀልድ አይደለም። ግን መሀል ከተማ ሳይሆን እዚያው ዓባይ ማዶ፣ ከእህትዎ ቤት በእግር በሚደረስበት ይያዙት። ሠርጉ የአንድ ቀን ነገር ነው፤ እህትዎ ቤት ግን ማለዳም ማታም መገኘት አለብዎት። ሽንኩርት የሚከተፈው እዚያ፣ ወሬ የሚወራው እዚያ፣ ልብስ የሚተኮሰው እዚያ። አዳራሹ አጠገብ ቢያድሩ ለሠርጉ ይቀርባሉ፣ ከቤተሰቡ ግን ይርቃሉ፣ ቅሬታውም ያኔ ነው የሚመጣው።

ድሮ ቢሆን «ድልድዩን ማን ይሻገረዋል» እልዎት ነበር። አሮጌው የዓባይ ድልድይ ጠባብ ነበር፣ የጎንደሩም መኪና የከተማውም ባጃጅ የሚያልፈው በእሱ ነበር። በግንቦት 2016 አዲሱ ድልድይ ተመርቋል፤ 380 ሜትር ነው፣ ሰፊ ነው። ስለዚህ ከዓባይ ማዶ መሀል ከተማ ለመሄድ ብለው እንቅልፍ አይጡ። ይልቅ ከሠርጉ ሲመለሱ በምን እንደሚመለሱ አስቀድመው ይነጋገሩ፣ ምክንያቱም ባጃጅ ማታ በሁሉም ሰዓት አይገኝም።

አነጋገሩን በተመለከተ። ከሌላ ሰው ከመስማቷ በፊት እርስዎ ራስዎ ደውለው ይንገሯት። «ቤትሽ ጠበበኝ» አይበሉ፤ «ወገቤ ፍራሽ አልችል አለኝ፣ ሐኪሙም መሬት አትተኚ ብሎኛል» ይበሉ። (ሐኪሙ ባይልም ቢጠየቅ ይላል።) ከመኪና እንደወረዱ ሻንጣዎን ይዘው በቀጥታ ወደ ፔንሲዮኑ አይሂዱ። መጀመሪያ እሷ ቤት ይግቡ፣ ቅቤውንና በርበሬውን ያስረክቡ፣ ቡና ይጠጡ፣ እራት ይብሉ፤ ከዚያ «ለመተኛት ብቻ» ብለው ይውጡ። ጠዋት ቁርስ ሳይደርስ ተመልሰው ይገኙ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ግድ እዚህ እደሪ ካለችዎት ይደሩላት። አንድ ሌሊት ወገብ አይሰብርም፣ ለብዙ ዓመት የሚሆን ፍቅር ግን ይገዛል።

ጥያቄ፦ አባቴ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ቀጠሮ አለው። ባለፈው ስንሄድ ከመኪና ወርደን መናኸሪያው አጠገብ አደርን፣ ጠዋት ደግሞ ኮንትራት ባጃጅ ይዘን ወደ ኋላ ተመለስን። ሽማግሌው ተንገላታ። የት ብናርፍ ይሻላል?
ከሞጣ

መልስ፦ «ወደ ኋላ ተመለስን» ያልከው ራሱ መልሱን ይዟል። ጥበበ ግዮን ከከተማው ወጣ ብሎ በአዴት መንገድ ላይ ነው፤ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል። ከሞጣ በአዴት በኩል ከመጣችሁ ባሕር ዳር ሳትገቡ ታልፉታላችሁ ማለት ነው። ለረዳቱ ገና ስትሳፈሩ ንገረው፤ «ጥበበ ግዮን በር ላይ አውርደን» በለው። ከደረሳችሁ በኋላ ለአስታማሚ የሚሆን አልጋ በዚያ አካባቢ ካገኛችሁ ያዙ፤ ከሌለ ከመሀሉ ይልቅ ወደ አዴት መውጫው በቀረበው የከተማው ክፍል አርፋችሁ ጠዋት ቶሎ ውጡ።

ሌሎቻችሁም ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው «ባሕር ዳር ሆስፒታል ቀጠሮ አለኝ» ብሎ ይነሳል። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን የተለያዩ ናቸው፤ ፈለገ ሕይወት ከተማው ውስጥ ነው። ወረቀታችሁ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ ማንበብ የማይችል ከሆነ ልጅ ያንብብለት፤ ሰፈር የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ለአባትህ ክፍሉ ምድር ቤት ይሁን። ሽንት ቤቱ የሚቀመጡበት መሆኑን ጠይቅ፤ ለጉልበት በሽተኛ ቁጢጥ ማለት ሥቃይ ነው። አጥሚት የሚሞቅበት፣ ሙቅ ውሃ የሚገኝበት ኩሽና ካላቸው ከቴሌቪዥን ይበልጣል። ክፍያውን ደግሞ በቀን በቀን አድርገው። ቀጠሮ ይገፋል፣ የላቦራቶሪ ውጤት ያድራል፣ «ነገ ተመለሱ» ይመጣል፤ ወይም ሁሉ ነገር በአንድ ቀን አልቆ ወደ አገር ቤት ትመለሱ ይሆናል። የሳምንት አስቀድመህ ከከፈልክ ገንዘብህን ማስመለስ ራሱን የቻለ ቀጠሮ ነው። አባትህን እግዜር ይማርልህ።

ጥያቄ፦ የሥራ ፈተና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተጠርቻለሁ። ብቻዬን ነው የምሄደው። ከዚህ በፊት ብቻዬን አልጋ ይዤ አላውቅም፣ እናቴም ጭንቀት ይዟታል። ፔዳ አካባቢ ያዢ ያለኝ ሰው አለ። ጥሩ ሰፈር ነው?
ከቢቸና

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እታለም። ፔዳ ጥሩ ነው፣ ግን መጀመሪያ ፈተናው ፔዳ መሆኑን አረጋግጪ። ጥሪው ላይ «ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ» ብቻ ከሆነ የተጻፈው ደውለሽ ግቢውን ጠይቂ። ፔዳ አለ፣ ፖሊ አለ፣ ይባብ አለ፣ ዘንዘልማ አለ። ፔዳና ፖሊ ድሮ ለየብቻቸው የቆሙ ተቋማት ነበሩ፣ በ1992 ነው አንድ ዩኒቨርሲቲ የሆኑት፤ ሰዉ እስከ ዛሬ በየስማቸው ነው የሚጠራቸው። ዘንዘልማ ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ በጎንደር መንገድ ነው። ፔዳ አድረሽ ለሁለት ሰዓት ፈተና ዘንዘልማ ለመድረስ መሯሯጥ ለጠላትም አይመኙት።

ፔዳ ከሆነ ግን እሰየው። የተማሪ ሰፈር ነው። ምግቡ ርካሽ ነው፣ ፎቶ ኮፒና ጉርድ ፎቶግራፍ የሚሠራበት በየደጁ ነው፣ የረሳሽው ዶክመንት ቢኖር እዚያው ታሳትሚያለሽ። ቀኑን ሙሉ ሰው አለበት፤ ለብቻዋ ለምትሄድ ሴት ደግሞ ሰው ያለበት መንገድ ከሚያምር መንገድ ይሻላል። ግቢው አጠገብ ያለ ሁሉ አልጋ ቤት ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ አልጋውን በሰዓት ያከራያል። እንዴት ትለይዋለሽ? ከሰዓት በኋላ ገብተሽ «ስንት ቀን?» ሳይሆን «ለአዳር ነው?» ብለው ከጠየቁሽ ፈገግ ብለሽ ውጪ።

ታችኛው ላይ መጠጥ ቤት የሌለበት፣ ሌሊት እንግዳ ተቀባይ የሚያድርበት፣ በሩ ከውስጥ በመቀርቀሪያ የሚዘጋ ይሁን። ቁልፉን ተቀብለሽ ራስሽ ዝጊና ክፈቺ፤ «ይሠራል» የሚለውን ቃል አትመኚ። ከአስፋልት ዳር እስከ አልጋ ቤቱ በር ያለው ቅያስ ማታ መብራት እንዳለው ጠይቂ። እሱን ቀን ላይ የሚያስታውስ ሰው የለም፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ግን ትዝ ይልሻል።

በቀን ድረሺ። ከፈተናው አንድ ቀን ቀደም ብለሽ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ። መናኸሪያ ላይ «አልጋ ፈልገሽ ነው እህት?» የሚልሽ ደላላ አይጠፋም፤ «ዘመድ እየጠበቀኝ ነው» ብለሽ እለፊ። እናትሽ ደግሞ የአልጋ ቤቱን ስምና ስልክ በወረቀት ይያዙ። ያ ወረቀት ከምክር ሁሉ ይልቅ ያስተኛቸዋል።

ጥያቄ፦ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት ባሕር ዳር አድሬ ልሂድ ወይስ ሌላ አማራጭ አለ?
ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦ አንተ ከማርቆስ ተነስተህ ባሕር ዳር ምን ልትሠራ? እንጅባራ እኮ መንገድህ ላይ ነው፣ አልፈኸው ሄደህ ልትመለስ ነው ወይ? በዓሉ ጥር 23 ነው፣ በዚያ ሰሞን የእንጅባራ አልጋ ሁሉ ይያዛል፤ ዘመድ ያለው ዘመዱን ከወዲሁ ይወቅ። አልጋ ካጣህ ከወዲህ ቡሬ፣ ከወዲያ ዳንግላ አለልህ። ቡሬ ይሻልሃል፣ ስትመለስም ወደ ቤትህ ትቀርባለህ። ጠዋት ግን በሌሊት ተነስ፤ ሜዳው ከሞላ በኋላ የምታየው የሰው ጀርባ ነው። ወፍራም ጋቢ ያዝ፣ እንጅባራ ትበርዳለች።

ጥያቄ፦ ልጃችን ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተመድቧል። ልናደርሰው ነው። እኛ የባሕር ዳር ሰዎች ነን፣ ማርቆስን አናውቃትም። የት እንረፍ?
ከባሕር ዳር፣ አባትና እናት

መልስ፦ መጀመሪያ የምደባውን ወረቀት እዩት። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቡሬም ግቢ አለው። ልጃችሁ ቡሬ ተመድቦ እናንተ ማርቆስ ብትገቡ ቡሬን አልፋችሁ ሄዳችሁ ማለት ነው።

ማርቆስ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ማርቆስ እንደ ባሕር ዳር ሰፈር የምታማርጡባት ከተማ አይደለችም፤ ዋናው አስፋልት አካባቢ ከያዛችሁ ለመናኸሪያውም ለገበያውም ቅርብ ናችሁ፣ ወደ ግቢውም ባጃጅ አለ። እኔ የምጨነቀው ለሰፈሩ ሳይሆን ለብርዱ ነው። እናንተ ከ1,800 ሜትር ተነስታችሁ 2,400 ሜትር ላይ ነው የምታድሩት። አልጋ ስትይዙ ሙቅ ውሃው በትክክል መሥራቱን እዩ፣ ሁለተኛ ብርድ ልብስ ጠይቁ፣ ለልጁም ባሕር ዳር ለብሶት የማያውቀውን ሹራብ ግዙለት።

ምዝገባው ካለቀ በኋላ ጊዜ ከተረፋችሁ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያንን ተሳለሙ። ከተማዋ ቀድሞ መንቆረር ነበር የምትባለው፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት ከዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጁም አራት ዓመት የሚኖርባትን አገር በዚያው ይተዋወቃት።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ተጽፎላታል። አዲስ አበባ ዘመድ የለንም። ጎጃም በረንዳ አልጋ ርካሽ ነው፣ አገርኛም ታገኛለህ ይሉኛል። እውነት ነው?
ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው። ግን ለታመመ ሰው አልመክርህም። ጎጃም በረንዳ መርካቶ ነው፣ አውቶቡስ ተራ አጠገብ። በሌሊት አውቶቡስ ለሚሳፈር፣ ዕቃ ገዝቶ ለሚመለስ ነጋዴ ምቹ ነው። ግርግሩ ከሌሊት ይጀምራል፣ ጭነት ይወርዳል፣ ይጫናል፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» እያለ በመሀላችሁ ያልፋል። ባለቤትህን ደግፈህ፣ የሕክምና ወረቀት በአንድ እጅ፣ ገንዘብ በኪስህ ይዘህ የምትሄድበት ሰፈር አይደለም። ኪስ የሚዳስሰውም ጎጃሜ ነህ ብሎ አይምርህም።

ጥቁር አንበሳ ቸርችል ጎዳና አጠገብ ነው። ሰንጋ ተራ፣ ልደታ፣ ሜክሲኮ በኩል ፈልግ። ከሰንጋ ተራ በእግርም ይደረሳል፤ ከልደታና ከሜክሲኮ አጭር የታክሲ መንገድ ነው። አልጋው ከጎጃም በረንዳው ይወደድ ይሆናል። ግን በየቀኑ የምታወጣውን የታክሲ ገንዘብ ደምረው፤ በሽተኛ ይዘህ ሚኒባስ ውስጥ አትጋፋም፣ ኮንትራት ነው የምትይዘው፣ ያ ደግሞ በሦስት ቀን ውስጥ የአልጋውን ልዩነት ይበላዋል።

አሁን ከላይ «እመጣበታለሁ» ያልኩት ነገር። ከዚህ በፊት አዲስ አበባ የታከመ ጎረቤትህ «ፒያሳ እዚህ ጋ ርካሽ አልጋ አለ» ቢልህ አመስግነውና ከመነሳትህ በፊት ደውለህ አጣራ። በ2016 የፒያሳ ብዙው አሮጌ ሰፈር ፈርሷል፣ በ2017 ካዛንቺስም ተከትሏል። ሰው ሳያውቅ የፈረሰ ቤት አድራሻ ይሰጥሃል። የቤቱን ስልክ አግኝተህ «አሁንም እዚያው ናችሁ?» ካላልክ ሌሊት ደርሰህ ከነበሽተኛህ መንገድ ላይ ልትቆም ነው።

የአውቶቡሱንም ነገር አደራ። ሁሉም መኪና አንድ ቦታ አያወርድም። ትኬት ስትቆርጥ አዲስ አበባ የት እንደሚያወርዱህ ጠይቅ፣ አልጋህንም ከዚያ እስከ ሆስፒታሉ ባለው መስመር ላይ አድርገው።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ባጃጅ ስንት ነው የሚከፈለው? በቴሌብር አስቀድሜ አልጋ ብይዝስ ያስተማምናል?
ከዳንግላ

መልስ፦ የባጃጅ ዋጋ ጽፌልህ መጽሔቱ እጅህ ሳይገባ ይለወጣል፣ ነዳጅ እኮ ነው። ከመሳፈርህ በፊት አንድ የሰፈሩን ሰው ጠይቅ እንጂ ባለባጃጁን ብቻ አትጠይቅ። «ታፔላ ነው ወይስ ኮንትራት?» የሚለውን ሳትስማማ ደግሞ አትቀመጥ፤ ሻንጣ ካየ ኮንትራት ነው የሚልህ። ሰዉ እስከ ዛሬ ሰፈሩን በቀበሌ ቁጥር ነው የሚጠራው። የክፍለ ከተማ ስም ይዘህ ብትጠይቅ ባለባጃጁ ግራ ይጋባል። አልጋ ቤቱ ስትደውል «ለባጃጅ ምን ልበለው?» ብለህ ምልክቱን ተቀበል፦ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ነዳጅ ማደያ።

በቴሌብር መያዝ ችግር የለውም፤ ሙሉውን ግን አትላክ። የአንድ ሌሊቱን ብቻ ላክ፣ የላክበትን መልእክት አታጥፋ፣ የተቀበለው ስም ማን እንደሆነ እይ። በጥምቀት ሰሞን፣ በሠርግ ወቅት፣ ተማሪ በሚመረቅበት ሰሞን ቀብድ ተቀብለው ለተሻለ ከፋይ የሚሰጡ አይጠፉም። የመጓዣህ ዕለት ጠዋት ገና ሳትነሳ ደግመህ ደውል። በዚያው መንገዱ ያን ቀን ክፍት መሆኑን፣ ከተማው ውስጥም ባጃጅ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ጠይቃቸው። የሰዓት ገደቡ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በዚያው ቀን የሰማኸውን ነው የምትይዘው።

ለሚቀጥለው ዓምድ ስለ ዘጌና ስለ ደቅ ደሴት ጉዞ የጠየቃችሁኝ ሦስት አራት ሰዎች አላችሁ። ከየት እንደምትነሱ፣ ስንት እንደሆናችሁ፣ ሽማግሌና ሕፃን መኖሩን ሳትጽፉ ነው የላካችሁት። እሱን ጨምራችሁ እንደገና ላኩልኝ።